ስድስት ሰዓታት ያለ «ላ»

ጠዋት በአንድ ሰዓት የሶርጌ ቀበሌ ሰው ሁሉ «አለሁ» ይላል። ሣር የሚያጭደው ማጭዱን ጥሎ ይገባል፣ እንሰት የምትፍቀው እጇን ሳትታጠብ ብድግ ትላለች፣ ጥርሱን የሚፍቀው መፋቂያውን ከአፉ ያወጣል። ሁሉም በቤቱ ምሰሶ ወደተሰቀለችው መዳፍ የምታህል ሳጥን ዞሮ «አለሁ» ይላል። ሳጥኗ አረንጓዴ ትበራለች፤ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ሦስት ጠዋት በተከታታይ ሳይል የቀረ ሰው ካለ ከወረዳ አንዲት ድሮን መጥታ ጣሪያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር አናት ታንዣብባለች። እሷም ድምፅ ካልሰማች፣ ድንኳን እንዲያዘጋጅ ለእድሩ መልእክት ይገባል። እስካሁን ድንኳኑ በስህተት የተተከለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰውዬው ገበያ ሰንብቶ ሲመለስ ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀምጦ ንፍሮ በላ።

ድጋፍ የሚያከፋፍለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሥርዓቱ ያወጣለት ስም ረጅም ነው። ሰው ግን ሥርዓቱን «አለሁ»፣ ሳጥኗን ደግሞ «ጆሮ» ይላቸዋል። ምዕራፍ አንድ ትልልቆቹን ከተሞች፣ ምዕራፍ ሁለት ቆላውን፣ ምዕራፍ ሦስት የቡናውን አገር አዳርሶ፣ በ2089 ዓ.ም. ክረምት ሲወጣ ምዕራፍ አራት ወደ ከምባታ ደጋ ደረሰ። ሰው አልፈራውም። በድሮው ጊዜ የድጋፍ ዝርዝር በሰው እጅ ይጻፍ ነበር፤ የጸሐፊው አክስት ከሞተች አምስት ዓመት አልፏትም ዘይት ትቀበል ነበር። ጆሮ አክስት የላትም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ማንነቱን በገዛ አፉ፣ በገዛ ቤቱ ቋንቋ እንዲነግራት። ወረቀት አትቀበልም፤ ወረቀት ሲዋሽ ብዙ ዘመን ታይቷል።

ዋጂቴም ጆሮ በመምጣቷ ደስ ካላቸው አንዷ ነበረች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏን ሄራሞን ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑንም አንደበቱንም ወስዶበታል። ያስቀረለት ድምፅ «ኧ» የምትል ብቻ ናት፤ ዋጂቴ ግን በዚያች ድምፅ ውሃ ሲጠማው፣ ሲያመው፣ ሲናደድ ለይታ ታውቃለች። ደሙ እንዳይረጋ በየቀኑ ኪኒን መዋጥ አለበት። ኪኒኑን እስከ ዛሬ የምታመጣው ከጤና ኬላው ነው። ምዕራፍ አራት ሲዘጋ ጤና ኬላውም አብሮ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲህ ኪኒን የሚወርደው በድሮን፣ የሚወርድላቸውም የተመዘገቡ ቤቶች ናቸው። ያልተመዘገበ ቤት «ቀሪ» ይባላል። የቀሪዎች ጉዳይ የሚታየው ምዕራፍ ሰባት ካለቀ በኋላ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ማለት ነው።

ዋጂቴ በቀበሌው አዳራሽ ተራ የደረሳት ምዝገባው ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነበር። ቤቷ ያለው ኪኒን ለአሥራ አራት ቀን ይበቃል።

መዝጋቢዋ ኤልሻዳይ የምትባል የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ነች። ሐዋሳ ያደገች ብትሆንም እናቷ የከምባታ ሰው ስለሆነች ቋንቋውን በከተማ አፍ ትናገረዋለች። ለሶርጌ የመረጧትም ለዚህ ነው። ዋጂቴን አስቀምጣ ጆሮን ፊቷ አደረገችላት።

«ስምዎን ይናገሩ» አለች ጆሮ።

«ዋጂቴ ሹጉጤ።»

«የባለቤትዎን ስም ከነአባቱ ይናገሩ።»

«ሄራሞ።»

«ከነአባቱ።»

ዋጂቴ ነጠላዋን አስተካከለች። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አስነጠሰ።

«አልተሰማም። እንደገና ይሞክሩ።»

«ሄራሞ ነው ያልኩሽ» አለች ዋጂቴ።

አጅባት የመጣችው ጎረቤቷ አበሩ ከኋላዋ አንገቷን አስግጋ ሳቀች። «ኧረ በይው አንቺ! እንደ ጥርስ ነው ሲወጣ። ትንሽ ያማል፣ ከዚያ ምላስሽ ባዶውን ቦታ ትለምደዋለች። እኔ ባለፈው ማክሰኞ ተገላገልኩ!»

ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ኤልሻዳይ ግን አልገባትም። «እማማ፣ የአባታቸውን ስም ረሱት እንዴ?»

«እንዴት ተደርጎ ይረሳል!»

«ታዲያ?»

«አልጠራውም።»

ጆሮ ለሦስተኛ ጊዜ «አልተሰማም» ብላ ቀይ በራች። ለዕለቱ የዋጂቴ ፋይል ተዘጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከምባታ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም በአፏ አታነሳም። ስሙን ብቻም አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን ሁሉ ትሸሻለች፤ በእነሱ ፈንታ ሌላ ቃል ትፈልጋለች ወይም ዞራ ትናገራለች። ዘመኑ ከተለወጠ ወዲህ ብዙዎች ትተውታል። ዋጂቴ አልተወችም። የሄራሞ እናት ዋጂቴ ሳትዳር ስለሞቱ የቀራት የአባቱ፣ የሽማግሌው ስም ብቻ ነው፤ እሱም በ«ላ» ይጀምራል። በቋንቋቸው ደግሞ ሁለትም ሰባትም በ«ላ» ይጀምራሉ። ስለዚህ ዋጂቴ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለትን «ጥንድ»፣ ሰባትን «ከስድስት አንድ የሚበልጥ» እያለች ኖራለች። ገበያ ውስጥ ሻጮች ያውቋታል። ሽማግሌው ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

በማግስቱ ልጇ ምህረት ከአዳማ ደወለች። ምህረት በምዕራፍ አንድ የተመዘገበች ነች፤ በስልክ እያወራች እንኳን አንድ ሰዓት ሲሆን «አለሁ» ብላ ታቋርጣለች።

«እማዬ፣ አበሩ ነገረችኝ። በእግዚአብሔር ስም! አያቴ እኮ ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው!»

«እኔ ግን አልሞትኩም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ! ማን ይሰማሻል?»

«አባትሽ ይሰማል። እኔም እሰማለሁ።»

«አባዬ ኪኒን ነው የሚፈልገው፣ ያንቺን ወግ አይደለም።»

ልጇ ልክ እንደሆነች ዋጂቴ ታውቃለች። ምህረት ድምፅዋን አለሰለሰች። «በይ ስልኩን ጆሮ አጠገብ አድርጊው፤ እኔ እጠራዋለሁ። ለእኔ አያቴ ናቸው፣ አማቴ አይደሉም።»

ጆሮ ያን ጊዜ ለሙከራ ምሰሶው ላይ ተሰቅላ ነበር። ዋጂቴ ስልኩን አስጠጋች፤ ምህረትም የአባቷንና የአያቷን ስም አጥርታ ጠራች። ጆሮ ብርቱካን በራች።

«ድምፁ የዚህ ቤት ነዋሪ አይደለም። የማጭበርበር ሙከራ፣ አንድ። ሁለተኛ ከተሞከረ ቤቱ ከሁሉም ምዕራፎች ይሰረዛል።»

ምህረት በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ዋጂቴ ዘጋችው። ዞር ስትል ሄራሞ አልጋው ጠርዝ ላይ በቀኝ እጁ ተደግፎ ሊነሳ ይታገላል። ዓይኑ ጆሮ ላይ ነው። አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ። «ኧ» አለ። ደግሞ ትንፋሹን ሰብስቦ «ኧ» አለ። ላቡ በጉንጩ ወረደ።

«አልተሰማም። እንደገና ይሞክሩ» አለች ጆሮ።

እንደገና ሞከረ። ሦስተኛው ከሸፈ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዋጂቴ ትከሻውን ያዘችው፤ ግን አልዞረላትም። ባሏ በሦስት ዓመት ውስጥ የአባቱን ስም ለመጥራት ሲሞክር ያየችው ያን ዕለት ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት መጥራት መፈለጉን አስባውም አታውቅም ነበር።

ምዝገባው ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው ኤልሻዳይ ራሷ መጣች። ጭቃው ሞተር ብስክሌቷን አላራምድ ብሏት የመጨረሻውን ዳገት በእግሯ ወጥታዋለች። ዋጂቴ ውሃ ሰጠቻት፤ ጫማዋን እንድታራግፍ ዱላ ሰጠቻት።

«አንድ መንገድ አለ» አለች ኤልሻዳይ። «ዲዳ ተብለው ይመዝገቡ። ዲዳ የሆነ ሰው በእጁ አሻራ ነው የሚያልፈው፤ ባለቤትዎም በዚህ ያልፋሉ፤ ቤቱ እንዲመዘገብ ግን እርስዎም ማለፍ አለብዎት። አሁኑኑ ይጸድቃል።»

«ከዚያስ?»

ኤልሻዳይ ዓይኗን ሰበረች። «ከዚያ ጆሮ በዚህ ቤት የእርስዎን ድምፅ መስማት የለባትም። ከሰማች ማጭበርበር ይሆናል።»

«እስከ መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

ዋጂቴ ወደ ሄራሞ ተመለከተች። ቀኑን ሙሉ የምታዋራው እሷ ነች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፍየሏ፣ ስለ አበሩ ምላስ ትነግረዋለች፤ እሱ በአንዷ ድምፁ ይመልሳል። ቤቱ ውስጥ የቀረው ወሬ ያ ነው።

«አይሆንም» አለች። «ዝም ማለትና አለመጥራት አንድ አይደሉም፣ ልጄ። እኔ ዝም ብዬ አልኖርኩም። እየተናገርኩ ነው ያልጠራሁት።»

ኤልሻዳይ ተነፈሰች። «እሺ። ቢያንስ የጤና ቅጹን እንሙላ፤ እሱ የግድ ነው። ከአንድ እስከ አሥር ይቁጠሩልኝ። ለአእምሮ ጤንነት ነው፤ ሁሉም ይጠየቃል።»

«አንድ፣ ጥንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ከስድስት አንድ የሚበልጥ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር።»

በኤልሻዳይ እጅ ያለችው ጆሮ ብርቱካን በራች። «የመርሳት በሽታ ጥርጣሬ» አለች።

ዋጂቴ ሳቀች። ሳቋ ኤልሻዳይንም አሳቃት፤ ከዚያ ሳቋን አቋረጠች። «ለምንድን ነው እንዲህ የሚቆጥሩት?»

ዋጂቴ አስረዳቻት። ኤልሻዳይ ከእናቷ አፍ ሰምታው አታውቅም፤ እናቷ ከተማ ገብታ ነው ያገባችው። እስክሪብቶዋን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«አንቺስ ባለትዳር ነሽ?» አለቻት ዋጂቴ።

«ነኝ።»

«የባልሽን አባት ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያቸው?»

«ጋሼ ተስፋሁን።»

«በአፍሽ?»

«በአፌ!»

«አይደነግጡም?»

«ኧረ እሳቸው ባልጠራቸው ነው የሚደነግጡት» አለች ኤልሻዳይ። ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። «እማማ ዋጂቴ፣ በዚህ ቀበሌ በ‹ላ› የሚጀምር ቃል የማይናገር ሌላ ሰው አለ?»

«ማን ይኖራል? የዚያ ሰው ምራት እኔ ብቻ ነኝ።»

«እሱን ነው የምልዎት!» ኤልሻዳይ ተነስታ ቆመች። «ስሙን አልጠሩትም እንጂ ንግግርዎ ውስጥ እኮ አለ። ልክ ሥዕል ከተነሳበት ግድግዳ ላይ የቀረ ነጭ ቦታ ማለት ነው። በዓለም ላይ እንዲህ የሚናገር ሰው የእሳቸው ምራት ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?»

መመሪያው ውስጥ ማንም የማያነበው አንቀጽ ነበር። ጉሮሯቸውን ለታመሙና አነጋገራቸው ለጆሮ ለማይያዝ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ «ተለዋጭ የድምፅ ማስረጃ» ይባላል። ስድስት ሰዓት ያልተቋረጠ፣ በቤት የተነገረ ንግግር ይጠይቃል። ስድስት ሰዓት የሚያወራ ሰው ስለማይገኝ እስካሁን የተጠቀመበት የለም።

«ስድስት ሰዓት ብቻ?» አለች ዋጂቴ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። በመሃል አንዲት ‹ላ› ካመለጠችዎት ግን፣ ሙሉው ይወድቃል። ያኔ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል።»

«አርባ አንድ ዓመት አላመለጠችኝም።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኤልሻዳይ ጆሮን ከምሰሶው አውርዳ ጓሮ እንሰቱ ግንድ ላይ ሰቀለቻት። ሄራሞ ወንበሩ ላይ በትራስ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ዋጂቴ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ የተቆረጠውን የእንሰት ግንድ በቀርከሃ መፋቂያ መፋቅ ጀመረች፤ እጇ ሥራ ካልያዘ አፏ አይፈታላትም።

መጀመሪያ ስለ እንሰት ተናገረች፤ ችግኙ መቼ እንደሚነቀል፣ የትኛው ዓይነት ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ እንደሚሆን። ከዚያ ስለ ፍየሏ ተናገረች፤ ፍየሏንም ተሳደበች። አንድ ሰዓት አለፈ። ኤልሻዳይ ጥላ ሥር ተቀምጣ አትናገርም፤ መዝጋቢ ቃል ካቀበለች መዝገቡ ይበላሻል ብላለች። ዋጂቴ ብቻዋን ስታወራ ጥቂት እንደ እብድ ተሰማት፤ ስለዚህ ወደ ሄራሞ ዞራ ለእሱ ማውራት ጀመረች። ያኔ ቀለላት።

በሦስተኛው ሰዓት ስለ ሽማግሌው ነገረችው።

«አንተ ያን ቀን አልነበርክም። ከተዳርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ልጅ አልያዝኩም ነበር። አክስቶችህ መጥተው አዳራሽ የሚያህል ወሬ አወሩ፤ ሌላ ሴት ትምጣ አሉ። እኔ ከግድግዳው በስተጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ማታ ሽማግሌው መጡ። እኔ እሳቸውን ቀና ብዬ አላይ፣ እሳቸውም እኔን አያዩ። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ቆሙና ‹በዚህ ቤት ሌላ ሴት የገባች ቀን እኔ እወጣለሁ፤ ለአክስቶቹም ነግሬያለሁ› አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ በኋላም አንድም ቀን አላነሱብኝም። ሰው የሞተበትን ፎቶ ይሰቅላል። እኔ የሳቸው ፎቶ የለኝም፤ ፊታቸውንም አጥርቼ አይቼው አላውቅም። የያዝኩት ይሄ ነው። ይሄን ከጣልኩ በእጄ ምን ይቀራል?»

ሄራሞ «ኧ» አለ፣ ዝግ ብሎ።

በአራተኛው ሰዓት አበሩ በአጥሩ ብቅ አለች። ወሬው ቀበሌውን አዳርሷል። ኤልሻዳይ በእጇ ሂጂ ብትላትም አበሩ የምትሄድ ሴት አይደለችም።

«ዋጂቴ! የምህረት ልጆች ስንት ናቸው?»

«አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ።»

«አንድ ላይ ሲሆኑስ?»

«አንድ ላይ ሲሆኑማ ይደባደባሉ!»

«ከስድስት በኋላ የሚመጣው ምንድን ነው?»

«ሥራ የፈታች ጎረቤት!»

አበሩ አጥሩን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ግን አልሄደችም፤ እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ አዳመጠች። «እኔ ማክሰኞ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ስጠራው» አለች፣ ለዋጂቴ ይሁን ለራሷ ሳይለይ፣ «ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ቤቴ ስገባ ግን ምሳ መብላት አቃተኝ።» ከዚያ ሄደች።

አምስተኛው ሰዓት ላይ የዋጂቴ ድምፅ ሻከረ። ቃል ሁሉ ከአፏ ከመውጣቱ በፊት በጥርሷ የምትነካው መሰላት። ስድስተኛው ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀር ስለ ዘንድሮ ዝናብ እያወራች ሳለ ትራሱ ተንሸራተተ፤ ሄራሞ ወደ ግራ ጎኑ ዘመመና ከነወንበሩ በፊቱ ወደቀ።

ዋጂቴ ጮኸች። መፋቂያውን ወርውራ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ኤልሻዳይም እየጮኸች ሮጠች። ሲገለብጡት ግንባሩ ተልጦ አፈር ይዟል፤ ዓይኑ ግን ክፍት ነው፤ ይተነፍሳል። ዋጂቴ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገችው፤ አፈሩን በነጠላዋ ጠረገችለት። ከዚያ ቀና ብላ ኤልሻዳይን አየቻት።

«ምን አልኩ?»

ኤልሻዳይ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጆሮ አመለከተች። አረንጓዴው መብራት እየበራ ነው፤ እየቀረጸች ነው።

ዋጂቴ የሄራሞን ራስ እንደያዘች ሃያውን ደቂቃ አወራች። ምን እንዳወራች ኋላ አላስታወሰችም። ደወሉ ሲመታ ወዲያው ጠየቀች። «ስጮኽ ምን አልኩ?»

«አልሰማሁም፣ እማማ። እኔም እየጮኽኩ ነበር።»

«መልሰሽ አሰሚኝ።»

«ታሽጓል። ለእኔም አይከፈትም።»

ሦስት ቀን ጠበቁ። ዋጂቴ ሥራዋን ሠራች፤ ለሄራሞ ቁስሉን አጠበችለት፤ ኪኒኑን ሰጠችው። ግን ማሰብ አልተወችም። ሰው ሲደነግጥ የሚጠራው የቤቱን ትልቅ ሰው ነው። የቤቱ ትልቅ ሰው ደግሞ እሳቸው ነበሩ። አርባ አንድ ዓመት ከጥርሷ በስተጀርባ የነበረው ስም ያን ጊዜ በሩን ክፍት አግኝቶ ወጥቶ ቢሆንስ? ወጥቶ ከሆነ ኪኒኑም ቀረ፣ ስሙም ቀረ። ምህረት በየቀኑ ትደውላለች፤ አሁን አትከራከርም፤ «ኪኒን ከዚህ በመኪና እልካለሁ» ትላለች። በሌላ ቤት ስም የተሰጠ ኪኒን መላክ እንደሚያስጠይቅ ሁለቱም ያውቃሉ።

በመዝጊያው ዕለት፣ በዝናብ፣ ኤልሻዳይ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ገና ሳትገባ ማንበብ ጀመረች።

«አሥራ ዘጠኝ ሺህ ቃል ተናግረዋል። በዚህ አገር አነጋገር ከዚያ ውስጥ ሦስት መቶ አርባ ያህሉ በ‹ላ› መጀመር ነበረበት። የተገኘው ዜሮ ነው።»

ዋጂቴ ምሰሶውን ያዘች። «ስጮኽስ?»

«እሱም ተቆጥሯል። ‹ሄራሞ› ነው ያሉት። አራት ጊዜ።» ኤልሻዳይ ወረቀቷን አጠፈች፤ ዝናብ ይሁን እንባ ፊቷ ርሷል። «መዝገቡ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፤ ‹የባል አባት ስም፦ ባለመጠራቱ ተረጋግጧል።› እንዲህ የሚል መዝገብ በአራቱም ምዕራፍ ይሄ ብቻ ነው።»

አበሩ ከአጥሩ ማዶ እልል አለች፤ ማንም ሳይነግራት።

ኪኒኑ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በድሮን ወረደ። በነጋታው ጠዋት በአንድ ሰዓት ዋጂቴ እጇን አድርቃ ምሰሶው ፊት ቆማ «አለሁ» አለች። ለሄራሞም የቀኝ እጁን አሻራ አስነካችለት። ጆሮ አረንጓዴ በራች፤ ከዚያ ተናገረች።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ዋጂቴ። ኪኒኑን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይስጡ፤ በቀን ጥንድ ይሆናል። ቀጣዩ ድሮን ከስድስት አንድ በሚበልጥ ቀን ይመጣል።»

ዋጂቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። በአበሩ ቤት ያለችው ጆሮ እንደማንኛውም ሰው እንደምትቆጥር ታውቃለች። ይቺኛዋ ስድስት ሰዓት አዳምጣት የተማረችው ነው። የሰው መሳቂያ ሆና ብቻዋን የተሸከመችውን ነገር ሳጥኗ በአንድ ሌሊት ለብሳው አድራለች። ሳጥኗ ግን ለሽማግሌው ጎንበስ ያለችበት ቀን የለም፤ ከግድግዳ ማዶ ድምፃቸውን አልሰማችም። ዝም ብላ ቀድታው ነው።

ወደ አልጋው ዞረች። ሄራሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል፤ ግን ነቅቷል። እሱ የአባቱን ስም መጥራት አይችልም። እሷ አትጠራም። በዚህ ቤት መጥራት የምትችለው አንዲቷ ሳጥንም ዛሬ አፏን ዘጋች።

«አንቺ» አለች ዋጂቴ ወደ ምሰሶው። «እንደ ሰው ቁጠሪ።»

«በዚህ ቤት ያ ድምፅ እንዳይነሳ ተመዝግቧል።»

«የማላነሳው እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ለማን ተድረሽ ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በአራቱም ምዕራፍ የጠየቃት የለም።

«ለማንም» አለች።

«እንግዲያስ አይከለክልሽም። የባለቤቴን ስም ከነአባቱ ጥሪ፤ ከልጄ አፍ ሰምተሽዋል።»

ዋጂቴ ለምሰሶው ጀርባዋን ሰጠች። ሽማግሌው በደጅ ሲያልፉ ታደርግ እንደነበረው ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ሄራሞ ላምቤቦ» አለች ጆሮ።

አልጋው ተንቋቋ። ሄራሞ ራሱን ከግድግዳው መለሰ። «ኧ» አለ። ውሃ የጠማው ድምፅ አልነበረም፤ የሕመምም የንዴትም አልነበረም። ዋጂቴ ሦስቱንም ታውቃቸዋለች፤ ይሄን አታውቀውም ነበር። «ኧ» አለ ደግሞ፣ ከሩቅ ተጠርቶ አቤት እንደሚል ልጅ።

«ድገሚው» አለች ዋጂቴ፣ ቀና ሳትል።